ለእማዬ፣ ከሐሙስ በፊት እንዲደርስሽ

ውድ እማዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና ትንሿ ደህና ነን። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ራስሽ እንድታነቢው ብዬ ነው። ዓይንሽ ከደከመ ወንድሜ ያንብብልሽ፤ ከእሱ የምደብቀው ነገር የለም። ደውዬ ልነግርሽ የምችለውን ለምን እንደምጽፍልሽ ሳይገባሽ አይቀርም። በስልክ አንቺ «እኔ ደህና ነኝ፤ ብቻ አንቺ ደህና ሁኚልኝ» ትያለሽ፤ እኔም «ደህና ነኝ» እላለሁ፤ ከዚያ ስለ ልጅ አውርተን እንዘጋዋለን።

ስለ ልጅ ካነሣሁ አይቀር የትንሿን ወሬ ልንገርሽ። የፊት ጥርሷ ወልቋል። ማታ ማታ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ትምህርቴን ሳጠና እየሰማች የሬዲዮውን ፊደል በቃሏ ይዛዋለች፤ ደረጃ የምትወጣው «አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ፣ ዴልታ» እያለች ነው። በሬዲዮ ጩኸት ውስጥ አንዱ ፊደል ከሌላው እንዳይምታታ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ መጠሪያ ተሰጥቶታል። ቁጥሮቹም የራሳቸው አነጋገር አላቸው፤ ዘጠኝን በእንግሊዝኛ ስንጠራ «ናይን» አንልም፣ «ናይነር» ነው የምንለው። ትንሿ ክፍል ውስጥ ተጠይቃ «ናይነር» ብላ ስትመልስ ልጆቹ ሁሉ ሳቁ አሉ። እሷ ግን ትክክሉ የእሷ እንደሆነ ለመምህሯ ቆማ አስረድታለች። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰችው አንቺም እኔም እናውቃለን። የላክሽላት ሹራብ እጅጌው አጥሯል፤ አላወልቅም ብላ እንደለበሰችው ትተኛለች።

ይኸው ስለ ሐሙሱ የዓይን ቀዶ ሕክምናሽ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀምጬ ስለ ሹራብ ጻፍኩ።

ሞራው ሁለቱንም ዓይንሽን እንደያዘው የነገረኝ ወንድሜ ነው። አንቺማ «ትንሽ ጭጋግ ቢጤ ነው» ነበር ያልሽኝ። መርፌ ክር ማስገባት ከተውሽ መቆየትሽን፣ ሰው በድምፁ መለየት መጀመርሽን፣ ማታ ደረጃው ላይ መውደቅሽን ሁሉ የሰማሁት ከሌላ ሰው አፍ ነው። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። የስንት ወር ጭጋግ ነው እማዬ? ልጅሽ ሩቅ ስለሆነች እንዳትጨነቅ ብለሽ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ሳላውቅ ስቀር ነው የምጨነቀው።

ወደዚህ ትምህርት ስገባ የጤና ምርመራ ነበረብን። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ፈቃድ የሚያገኘው ሦስተኛ ደረጃ የሚባለውን የጤና ማረጋገጫ ያሟላ ሰው ነው። ዓይን፣ ጆሮ፣ ቀለም መለየት፣ ልብ፣ አእምሮ፣ ሁሉም ይታያል። ሐኪሙ «በቤተሰብ ስኳር አለ?» ሲለኝ «እናቴ አለባት» አልኩት። ከዚያ ባለነጠብጣብ ሥዕሎች እየገለጠ ውስጣቸው የተደበቀውን ቁጥር አስነበበኝ። ሁሉንም ለየሁ። «ዓይንሽ ንጹሕ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ የአንቺን ነገር ስላላወቅኩ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አሁን ሳስበው እኔ እነዚያን ነጠብጣቦች ስቆጥር አንቺ የልጅ ልጅሽን ሹራብ በዳበሳ እየሠራሽ ነበር።

ስለ ሐሙስ ጥቂት ነገር ልበል፤ ወንድሜም ይስማ። ስኳርሽን ጠዋት ሳትለኪ እንዳትወጪ፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ለሐኪሙ ይነገረው። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ የደም ግፊቱንም ጭምር፣ በሳጥናቸው ይዘሽ ሂጂ፤ «ያው የተለመደው ነው» ብለሽ በቃል አትንገሪያቸው። የሚሠሩልሽ አንዱን ዓይን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ሌላ ቀን ይሆናል። የሚያደነዝዙት ዓይንሽን ስለሆነ አትተኚም፤ የሚያወሩትን ትሰሚያለሽ፤ አትደንግጪ። ከዚያ በኋላ ጠብታው በሰዓቱ ይግባ። ዓይንሽን አትሺ፣ ከባድ ነገር አታንሺ፣ ማታ የሚሰጡሽን መሸፈኛ አድርገሽ ተኚ። ብርቱ ሕመም ከተሰማሽ ወይም ብርሃኑ ድንገት ከጠፋብሽ «ይነጋል» ብለሽ እንዳታድሪ፤ በዚያው ሰዓት ተመለሺ። ሐኪሙ ያዘዘሽን ሁሉ እዚያው ፊቱ መልሰሽ ድገሚለት። እኛ ዘንድ ያልተደገመ ትዕዛዝ እንደተሰማ አይቆጠርም።

ይህ የመድገም ነገር ከትምህርቱ ሁሉ ቶሎ የገባኝ ነው፤ በምግብ ቤቱ በአስተናጋጅነቴም ስለምሠራው። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሰዎች ያዘዙትን አንድ በአንድ ካልደገምኩላቸው ሳህኑ ተመልሶ ይመጣል፤ ወጥ ቤቱ ይጮህብኛል። አብራሪም የተሰጠውን ከፍታ፣ አቅጣጫና የማኮብኮቢያ ፈቃድ መልሶ መናገር አለበት፤ ተቆጣጣሪው ደግሞ የተመለሰለትን ማድመጥ አለበት። ከባዱ ማድመጡ ነው፤ ሰው የሚሰማው የጠበቀውን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አልቀዋል። አንደኛው አውሮፕላን የመነሻ ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ሊያስቆሙት ይችሉ የነበሩ ሁለት ንግግሮች በአንድ ጊዜ ወደ ሬዲዮው ገብተው አንዱ ሌላውን ሸፈነው፤ የተሰማው ጩኸት ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ «መነሣት» የሚለውን ቃል ፈቃዱ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬዲዮ አናነሣውም። ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ቀን ከሌሊት ምን እንደማጠና ጠይቀሽኝ «ብዙ ነገር ነው» ብዬ ያለፍኩሽ ስለቆጨኝ ነው።

የምሠራበትን ምግብ ቤት ደግሞ ጨርሶ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ በሩ አይዘጋም። አንዱ ጠረጴዛ ሂሳብ ይጠይቃል፤ ሌላው ያዘዘው ቀርቦለት ሐሳቡን ይቀይራል፤ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ ጣቱን ያጮሃል። ትኩስ ሳህን አንጓዬ ላይ አሳርፌ ስለምሸከም እዚያ ላይ ቆዳዬ ጠቁሯል። በሽርጤ ኪስ የትዕዛዝ መቀበያ ደብተር አለ፤ ከፊቱ የሰው ትዕዛዝ፣ ከጀርባው የእኔ ጥናት። ወጥ ቤቱ ምግቡን እስኪያወጣ ድረስ ገልብጬ አነባለሁ፦ በሁለት አውሮፕላኖች መካከል ወደ ላይ የሚጠበቀው 1,000 ጫማ፣ በራዳር ወደ ጎን ሩቅ በረራ ላይ 5 የባሕር ማይል፣ አየር ማረፊያ አካባቢ 3። ከከባድ አውሮፕላን ኋላ የሚመጣ ቀላል አውሮፕላን ፊተኛው በተወው የአየር ሽክርክሪት እንዳይገለበጥ ተጨማሪ ርቀት ይሰጠዋል። የምግብ ቤቱ አለቃችን አንድ ቀን ደብተሩን ገልብጦ አየና «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «እዚህ ያለሽው ለማስተናገድ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲያ የማነበው እሱ ፊቱን ሲያዞር ነው።

ሁለቱ ሥራዎች የሚጣሉበትም ቦታ አለ። የሲሙሌተር ልምምድ፣ ማለት እውነተኛውን ሥራ በሚያስመስል መሣሪያ የሚደረገውን፣ ስጀምር አስተማሪዬ ድምፄን አልወደደውም። «ለአብራሪው ምግብ እያቀረብሽለት ነው?» አለኝ። አነጋገሬ ፈጣንና ለስላሳ፣ «እባክዎ» የበዛበት ነበር። በሬዲዮ በደቂቃ ከ100 ቃል ባልበለጠ ፍጥነት፣ በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው መናገር የሚገባው፤ ቁጣም ልመናም ሳይገባበት። ቀን ሙሉ ፈገግ ስል ውዬ ማታ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳደርግ ያ ፈገግታ ከጉሮሮዬ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል። እግሬ ያብጣል፤ ጫማዬን ከጠረጴዛው ሥር አውልቄ ነው የምለማመደው። ማያው ላይ ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ ግን ድካሙን እረሳዋለሁ። ሁለት ነጥቦች መንገዳቸው ሊቋረጥ ሲል ከሩቅ አይቼ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ዞር አድርጌ፣ ሁለቱም ምንም እንዳልሆነ አልፈው ሲሄዱ የሚሰማኝን ደስታ በምን ቃል እንደምነግርሽ አላውቅም። ማንም አያመሰግነኝም፤ ደግሞም አያሻኝም። እማዬ፣ ይህን ሥራ እወደዋለሁ። ለሰው ልንገርልሽ ብለሽ የምትጓጊለትን ያህል እንኳ አይደለም፤ ከዚያ ይበልጣል።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ። አንሥተነው አናውቅም፤ አንቺ ረስተሽው ይሆናል። የአክስቴ ልጅ የተመረቀ ዕለት ከፈረቃዬ በቀጥታ ነበር የመጣሁት፤ ጥቁር ሱሪዬንና ነጭ ሸሚዜን እንደለበስኩ፣ እጅጌዬን ዘይት ነክቶት። አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴትዮ «ልጅሽ ምን ትሠራለች?» አለችሽ። አንቺ ወደ እኔ ሳትዞሪ «አውሮፕላን ታሳርፋለች» አልሽ። ያን ጊዜ ትምህርቱን መጀመሬ ነበር፤ ማዳመጫውን እንኳ ገና አልነካሁትም። ሴትዮዋ ሸሚዜን አየችው። ከዚያ አንቺ ጨዋታሽን ሳታቋርጪ እጄን ሳብ አድርገሽ እጅጌዬን ወደ ላይ አጠፍሽው። ዘይቱ ያለበት ወደ ውስጥ ገባ።

ስንቴ እንዳሰብኩት አትጠይቂኝ። ሰው ፊት ልታስከብሪኝ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የታጠፈው እጅጌ ቤት ኪራይ የሚከፍለው ነው፤ የትምህርቱን ክፍያ የሚከፍለው፣ ትንሿን የሚያለብሰው። የሐሙሱም ቀዶ ሕክምና፣ ከወንድሜ ድርሻ የቀረው፣ ከዚያው ነው የተከፈለው። ሰው በልቶ ሲነሣ ሳህን ሥር ትቶት የሚሄደው ጉርሻ ነው እማዬ። ከአየር ትራፊክ መቆጣጠሪያው ማማ ላይ የመጣ አንድም ሳንቲም የለበትም። ከማማ ብር የሚመጣው ከፈተናው፣ ከፈቃዱና በባለሙያ ሥር ከሚደረገው የሥራ ላይ ልምምድ በኋላ ነው፤ ያውም ከተሳካ።

ደግሞስ አንቺ? የሰው ልብስ አጥበሽ አይደለም ወይ ያሳደግሽን? ያንንም ደብቀሽን ነበር፤ የተላጠ እጅሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ «ቅዝቃዜ ነው» ትይን ነበር። ወንድሜና እኔ እውነቱን ያወቅነው ቆይተን ነው። ባወቅኩበት ቀን አላፈርኩብሽም። ለጓደኞቼ ነገርኳቸው። አንቺ ግን የእኔን እጅ ሸፈንሽው፤ በሴትዮዋ ፊት።

ይህን ጽፌ ልቀደው ነበር። ሐኪም ፊት ለምትቀርብ እናት እንዲህ ይጻፋል ወይ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ዝም ብዬ ብልክልሽ «ደህና ነኝ» ከሚለው የስልኩ ወሬ ምን ይለያል ብዬ ተውኩት። ተቀይሜሽ አልኖርኩም። ስትሸፍኚኝ ግን አዝኜ ነበር፤ ይህን እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ።

እና አሁን የፈራሁትን ልናገር። ሐሙስ መምጣት አልችልም።

የሲሙሌተሩ ፈተና ሐሙስ ጠዋት ነው፤ አንቺ ወደ ክፍሉ በምትገቢበት ሰዓት። ቀኑ እንዲዘዋወርልኝ ጠይቄ ነበር፤ የሚቀጥለው ተራ ከሚቀጥለው ዙር ተማሪዎች ጋር ነው ተባልኩ። ያን ያህል ጊዜ ደግሞ በሁለት ሥራ መቆም አልችልም። አቅሜ እያለቀ ነው እማዬ። ይህንንም አልነገርኩሽም ነበር። ክፍል ውስጥ ስለ ዩበርሊንገን ተምረናል፤ እ.ኤ.አ. በ2002 በደቡብ ጀርመን ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ሌሊት ተጋጭተው 71 ሰው አልቋል፤ ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ባልደረባው ዕረፍት ላይ ስለነበር አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን የሁለት ሰው ቦታ ይዞ ነበር፤ ዋናው ስልክም ለጥገና ተቋርጦበት ነበር። ሌሎቹ ተማሪዎች ስለ መሣሪያዎቹ ሲጠይቁ እኔ ያሰብኩት ስለ ሰውየው ነው፤ ከአንዱ ማያ ወደ ሌላው ሲመላለስ። ሁለት ቦታ ይዞ መቆም ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እዚያ ወንበር ላይ የምቀመጥ ከሆነ ከሌሊት ፈረቃ መጥቼ እንዳልቀመጥ ወስኛለሁ። ፈተናውን ካለፍኩ ምግብ ቤቱን እለቃለሁ፤ ገንዘቡ እስኪስተካከል ብንቸገርም።

አስተማሪዬ አንድ ቀን ያመሰገነኝ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ከጎረቤት የአየር ክልል አዲስ አውሮፕላን ሊያስረክቡኝ ሲሉ «አልቀበልም፣ እዚያው ይዙር» ስላልኩ ነው። በእጄ ያሉት ከአቅሜ ጋር ተካክለው ነበር። ምግብ ቤቱ ውስጥ እንዲህ ማለት አይፈቀድልኝም። ቤታችንም ውስጥ አልተለመደም፤ አንቺ ለማን እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ? ለዚህ ነው እንዲህ የከበደኝ። ስንት ቀን ለሌላ ሰው ሁሉ «እሺ» ብዬ፣ እምቢ ያልኩት ለአንቺ ሆነ።

የምፈራውን ሁሉ ልንገርሽ፤ አንዴ ጀምሬዋለሁ። መሸፈኛው ሲነሣ መጀመሪያ የምታይው ፊት የእኔ አለመሆኑ ያስፈራኛል። ቀዶ ሕክምናው ቀላል ነው፣ በየቀኑ ይሠራል ይላሉ፤ እኔም ለሌላ ሰው ቢሆን እንዲሁ እል ነበር። ስኳሩ ዓይንሽን ከሞራው ጀርባ ጎድቶት ከሆነስ? ሐኪሙ ሞራው ካልተነሣ ጀርባውን ማየት አይቻልም ማለቱን ወንድሜ ነግሮኛል። አንቺም ሰምተሻል፤ ግን አላነሣሽልኝም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ «ግድ የለም፣ አንቺ ፈተናሽን ተፈተኚ» ብለሽ ቅያሜውን ለብቻሽ እንዳትይዢው እፈራለሁ። ከከፋሽ ንገሪኝ። ቢያስለቅሰኝም እችለዋለሁ።

ወንድሜ ቀኑን ሙሉ አብሮሽ ይሆናል፤ ፈቃድ ጠይቋል። ሚስቱ ደግሞ ማታ ትመጣለች፤ ጠብታውን ለእሷ ተዪላት፤ እጇ ከእሱ ይረጋል። ፈተናው ሲያልቅ ስልኬን ከሣጥኑ አውጥቼ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው። ስታናግሪኝ «ደህና ነኝ» አትበይኝ። ምን እንደሚታይሽ ንገሪኝ፤ መስኮቱ፣ የወንድሜ ፊት፣ ጣቶችሽ፣ ምን ያህል እንደጠሩልሽ። እኔም ማለፌን ወይም መውደቄን በዚያው ስልክ እነግርሻለሁ፤ አልደብቅሽም።

እሑድ ማታ ከፈረቃ እንደወጣሁ ትንሿን ይዤ እመጣለሁ፤ ሰኞ ዕለት አብሬሽ እውላለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ አለኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። በመጠባበቂያው ክፍል አጠገብሽ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም፤ ስለ ልጆችሽም መጠየቁ አይቀርም። «ልጄ አስተናጋጅ ናት፤ የአየር ትራፊክ ቁጥጥር እየተማረች ነው፤ ዛሬ ፈተና ላይ ናት» በይልኝ። ሁለቱንም በይልኝ፤ አስተናጋጅነቱን አስቀድመሽ።

የጠብታዎቹን ስምና ሰዓታቸውን ወንድሜ ሐሙስ ማታ በመልእክት ይላክልኝ። አንደኛው ካልተገኘ እኔ እዚህ ፈልጌ እሑድ ይዤው እመጣለሁ።

የምትወድሽ ልጅሽ